የነጐድጓድ ድምፅና የዘር ቀን

በክረምት መግቢያ ለኦምዱርማንና ለአካባቢዋ የሚወጣው የአየር ጠባይ ማስታወቂያ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ነገሮች ይጠቃለላል፤ እነርሱም ነጐድጓድ፣ ነፋስና የሙቀት መቀነስ ናቸው። ይህን የሰማ የከተማ ሰው ደስ ይለዋል። ለወራት ሲያቃጥለው የቆየው ሐሩር ጥቂት ሊበርድለት ነውና፣ በግቢ የዘረጋውን አልጋ ወደ ቤት ለማስገባት ከመሰናዳት በቀር ሌላ ሐሳብ የለበትም። ገበሬው ግን ያንኑ ማስታወቂያ ሲሰማ «ልዝራ ወይስ ልቆይ?» ብሎ ይጠይቃል። ማስታወቂያው ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሰጠውም። ስለዚህ ገበሬው በጆሮው ብቻ ተመርቶ፣ ነጐድጓዱ ሲያጓራ ዘሩን ይበትናል። በእኛ አስተያየት ይህ ልማድ በዝናም አጠር አገር ከድርቅ የማይተናነስ ጉዳት ያደርሳል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሁለት ነገር ለማስረዳት እንሞክራለን፤ አንደኛ፣ ነጐድጓድና ቅዝቃዜ የዘር ቀን ምልክት አለመሆናቸውን፤ ሁለተኛ፣ ማስታወቂያውን የሚያወጡ መሥሪያ ቤቶች ለገበሬው የሚበጀውን ቍጥር ጨምረው እንዲናገሩ የሚገባ መሆኑን።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት አስቀድሞ የአገሩን አየር ጠባይ መመልከት ያስፈልጋል። ኦምዱርማን ከካርቱምና ከባሕሪ ጋራ ሆና፣ ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ በሚገናኙበት ስፍራ የተቈረቈረች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 2000 በካርቱም በተደረገው ልክ መሠረት የግንቦት የቀን ሙቀት በአማካይ ወደ 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ በሐምሌ ወደ 38 ተኩል፣ በነሐሴም ወደ 37 ተኩል ገደማ ዝቅ ይላል። የዓመቱ ዝናም በጠቅላላው 120 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 30 ያህሉ በሐምሌ፣ 48 ያህሉ በነሐሴ፣ 27 ያህሉም በመስከረም የሚወርድ ነው። በአዲስ አበባ በነሐሴ ወር ብቻ የሚወርደው ዝናም ከዚህ ዓመታዊ ድምር እጥፍ ይበልጣል። እንግዲህ በኦምዱርማን አካባቢ የሚያርስ ሰው የሚጠብቀው ኸሪፍ፣ ማለት የዝናሙ ወራት፣ አጭርና ቀጭን ነው። አንድ ጊዜ የተሳሳተ የዘር ቀን በሌላ ቀን አይካስም።

ይህ ዝናም የሚመጣበት መንገድም ሊታወቅ ይገባዋል። በበጋ ከሰሜን የሚነፍሰው ደረቅ ነፋስ በክረምት ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ፣ ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ ቦታውን ይይዛል። ሁለቱ ነፋሳት የሚገናኙበት መስመር በነሐሴ ወር ከኦምዱርማን አልፎ ወደ ሰሜን ይዘልቃል። ከዚህም በላይ፣ ከቀትር በኋላ በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ የሚከመረው ደመና ብዙ ጊዜ በላይኛው የምሥራቅ ነፋስ እየተገፋ ወደ ምዕራብ ይጓዛል፤ አመሻሽ ላይ ወይም ሌሊትም የሱዳንን ሜዳ ይደርሳል። በጎንደርና በጎጃም ሰማይ ያጓራ የነበረው የአየር ሥርዓት የኦምዱርማንንም ምሽት ይገዛል ማለት ነው። ለዚህ ነው የሁለቱ አገሮች ገበሬዎች ስለ ክረምት ሲነጋገሩ ስለ አንድ ነገር የሚነጋገሩት።

ደመናው ወደ ሜዳው ሲደርስ የሚሆነውን ልብ ብሎ መመልከት ይገባል። ዝናሙ ከላይ ሲወርድ ከታች የሚያገኘው አየር እጅግ ደረቅና ሞቃት ነው። ጠብታው ገና መሬት ሳይነካ ከፊሉ፣ አንዳንዴም ሁሉም፣ በመንገድ ላይ ይተንናል። ውኃ ሲተንን አየሩን ያቀዘቅዘዋል፤ የቀዘቀዘ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ታች ይወርዳል፤ መሬት ሲደርስም ወደ ጎን በኀይል ይሰራጫል። ይህ ነፋስ በፊቱ ያገኘውን አፈር ጠራርጎ ሲያነሣ ሀቡብ የተባለውን የአቧራ ግድግዳ ይሠራል። ሀቡብ ሲመጣ ቀኑ ይጨልማል፤ ሙቀቱም በደቂቃዎች ውስጥ ብዙ ጊዜ 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይወርዳል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ሰው ፊቱን የሚያቀዘቅዝለት ነፋስ የመጣው ዝናሙ በአየር ላይ ስለ ተነነ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቅዝቃዜው ዝናም መውረዱን አያረጋግጥም፤ አንዳንድ ጊዜ እንዲያውም የዝናሙ መጥፋት ምክንያቱ ነው። ነጐድጓዱም ከብዙ ኪሎ ሜትር ርቀት ይሰማል። በከረሪ የሚያጓራው ደመና ውኃውን በኦምበዳ ላይ ሊያፈስ ይችላል፤ አንዱ ሰፈር በጐርፍ ሲጨነቅ ሌላው አቧራውን ብቻ አራግፎ ይተኛል። ለከተማው በሙሉ በአንድ ቃል «ዝናም ይጠበቃል» ተብሎ የሚነገር ማስታወቂያ ለአንድ ማሳ ባለቤት ብዙ የማይጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናም ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውኃ ማለት ነው። 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ በአንድ ሄክታር ላይ 100 ሺህ ሊትር ይወርዳል፤ ይህ ሲሰሙት ብዙ ይመስላል። ነገር ግን በዚያ አገር ፀሐይና ነፋስ ከእርጥብ መሬት በቀን 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ሊያተንኑ ይችላሉ። እንግዲህ በመጀመሪያው ነጐድጓድ የወረደው 10 ሚሊ ሜትር ሁለት ቀን አይቆይም። ማሽላው ግን ለመብቀል በቂ እርጥበት አግኝቶ ቡቃያውን ያወጣል፤ ከዚያ ውኃ ያጣና በሳምንቱ ይጠወልጋል። ዘሩ በጎተራ ቢቆይ ኖሮ ዘር ሆኖ ይቀጥል ነበር። በቅሎ የሞተ ዘር ግን ለዘርም ለምግብም አይሆንም።

ስለ እርሻና ስለ አየር ጠባይ የሚያጠኑ ጠበብት የክረምት መግቢያ ብለው በብዙ ቦታ የሚሠሩበት ልክ፣ በአንድ ወይም በሁለት ተከታታይ ቀን ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር ዝናም መውረዱንና ከዚያም በኋላ በሚቀጥለው አንድ ወር ውስጥ ከ7 እስከ 10 ቀን ያለማቋረጥ የሚዘልቅ ድርቅ አለመኖሩን ነው። የመጀመሪያውን ገበሬው ራሱ ሊለካው ይችላል። መለኪያ ቢያጣ እንኳ በማግሥቱ ማሳውን በጦር ወይም በዱላ ወግቶ እርጥበቱ ቢያንስ አንድ ስንዝር ያህል መግባቱን ይመልከት። ሁለተኛውን ግን በራሱ ሊያውቀው አይችልም። የሚቀጥሉት 10 ቀናት ደረቅ መሆን አለመሆናቸውን ሊነግረው የሚገባው ማስታወቂያ አውጪው መሥሪያ ቤት ነው። ዛሬ በሰው ሠራሽ ሳተላይትና በሒሳብ መሣሪያ የሚሠራው ትንበያ ለዚህ ያህል ቀን ሙሉ እርግጠኝነት ባይኖረውም ጠቃሚ ግምት ለመስጠት ይችላል። ታዲያ ያለው ዕውቀት ለገበሬው በሚገባው ቃል ለምን አይነገረውም?

በዚህ ላይ ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ ተቃውሞውም ከንቱ አይደለም። ገበሬው «ክረምቱ ሁለት ወር ብቻ ነው፤ የመጀመሪያውን ዝናም ካሳለፍሁ እህሌ ሳይደርስ ዝናሙ ይቆማል» ይላል። እውነት ነው፤ መዘግየትም ራሱ ኪሳራ አለው። አባቶችም ያለ ዕውቀት አልኖሩም። የሱዳን ገበሬ የዝናሙን ወራት ዓይና ብሎ በሚጠራቸው የ13 ቀን ክፍሎች ከፍሎ፣ በከዋክብት መውጫ እየቈጠረ ሲያርስ ኖሯል። ይህ ቈጠራ ዝናሙ ብዙውን ጊዜ መቼ እንደሚጠነክር ያስተምራልና ሊናቅ አይገባውም። ሆኖም ዓይናው የሚናገረው ስለ ብዙ ዓመታት ልማድ ነው፤ ስለ ዘንድሮ አይናገርም። ስለዚህ ምክራችን ዘሩን ከፍሎ መዝራት ነው። የሚቸኵል ገበሬ ከዘሩ ሲሶውን በመጀመሪያው በቂ ዝናም ይዝራ፤ የቀረውን ክረምቱ ሲረጋ ይዝራ። ፈጥኖ የሚደርስ የማሽላ ዐይነት ካለውም ለኋለኛው ዘር ያስቀምጥ። ይህን ያደረገ ሰው ቢሳካለት ቀድሞ ያጭዳል፤ ባይሳካለትም የሚዘራው አያጣም።

በኦምዱርማን አካባቢ የሚያርሱ ሰዎች ሁሉም አንድ ዐይነት ማስታወቂያ አይበቃቸውም። በምዕራብ ባሉት የወራጅ ውኃ ቦታዎች የሚያርሰውና ተረስ የተባለውን፣ ጐርፉን በሦስት ወገን የሚያግድ የዐፈር ክትር የሚሠራው ገበሬ፣ ማወቅ የሚፈልገው የዝናሙን ብዛት ነው፤ ክትሩ ከመምጣቱ በፊት መጠገን አለበትና። በወንዙ ዳር በሞተር ውኃ እየሳበ አትክልትና አቡ ሰብዒን የተባለውን፣ በ70 ቀን ገደማ የሚታጨደውን የከብት መኖ የሚያለማው ሰው ደግሞ ማወቅ የሚፈልገው የነፋሱን ቀን ነው። ነጐድጓድ በሚጠበቅበት ምሽት ማዳበሪያ ቢበትን ጐርፍ ይወስድበታል፤ የተባይ መድኀኒት ቢረጭ ይታጠብበታል፤ ያጨደውን መኖ ሜዳ ላይ ቢተው ይበሰብስበታል። ሞተሩን ግን አንድ ቀን ቢያሳርፍ ነዳጅ ይተርፈዋል። በጀርፍ ላይ፣ ማለት ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ በሚተወው እርጥብ መሬት ላይ፣ የሚዘራው ገበሬም የሰማዩን ሳይሆን የወንዙን ወሬ ይጠብቃል። ከብት አርቢውም ቢሆን መንጋውን ከብቸኛ ዛፍ ሥር እንዲያርቅ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል፤ መብረቅ ረጅሙን ነገር ይመርጣልና።

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ ዝናም ማነስ ነው፤ በዚያው አገር ግን የመብዛቱም አደጋ አለ። ሐምሌ 28 ቀን 1980 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ነሐሴ 4 ቀን 1988) ለ29 አጥቢያ በካርቱምና በኦምዱርማን ላይ በአንድ ሌሊት ከ200 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ዝናም ወረደ። ይህም የዓመቱን አማካይ ዝናም በሰዓታት ውስጥ የሚያስንቅ ነው። 10 ሜትር በ20 ሜትር በሆነ አንድ ግቢ ላይ ብቻ 40 ሺህ ሊትር፣ ማለት ባለ 200 ሊትር 200 በርሜል ውኃ ፈሰሰ። ጃሉስ የተባሉት የጭቃ ቤቶች ብዙዎቹ ፈረሱ፤ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብም ያለ መጠለያ ቀረ። በሌላ ዓመት ደግሞ አደጋው ከሰማይ ሳይሆን ከወንዙ ይመጣል። በ1938 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1946) የሞላው ዓባይ እስከ ዛሬ በታሪክ ይነሣል፤ በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ (እ.ኤ.አ. 2020) ደግሞ በካርቱም የውኃው ቁመት ከ17 ሜትር ተኩል በላይ ሆኖ፣ ልክ መያዝ ከተጀመረ ከ100 ዓመት ወዲህ ታይቶ የማይታወቅ ከፍታ ላይ ደረሰ። መንግሥትም ለሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ ዐወጀ።

ሁለቱ አደጋዎች አንድ እንዳልሆኑ መለየት ያስፈልጋል። የሰማዩ ጐርፍ በሰዓት ውስጥ ይመጣል፤ መንገዱም በከተማው ውስጥ የሚያልፉት ኾሮች፣ ማለት በበጋ የሚደርቁ ፈፋዎች ናቸው። ኾር አቡ ዓንጃን የመሰለው ፈፋ ለአሥር ወር ደረቅ ስለሚሆን ቆሻሻ ይጣልበታል፤ ዳርቻውም ቤት ይሠራበታል፤ በአንድ ሌሊት ግን የድሮ መንገዱን ያስታውሳል። የወንዙ ሙላት ግን የሚነሣው ከኢትዮጵያ ደጋ ስለሆነ በመንገድ ላይ ቀናት ይፈጅበታል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ሊነገር ይችላል። ለዚህም ሲባል በአዲስ አበባ የሚገኘው የምሥራቅ ናይል የቴክኒክ አካባቢያዊ ጽሕፈት ቤት የክረምቱን የጐርፍ ሁኔታ እየተከታተለ ማስታወቂያ ሲያወጣ ቆይቷል። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ የጥቁር ዓባይ ውኃ በዝናሙ ብቻ ሳይሆን በግድቡ አያያዝና አለቃቀቅም የሚወሰን ሆኗል። ስለዚህ ከላይ ያለው አገር የዝናሙንና የውኃውን ቍጥር ለታችኛው፣ ታችኛውም የራሱን ግድቦች አያያዝ ለላይኛው በየቀኑ ማስታወቁ ለሁለቱም ሕዝቦች ይጠቅማል እንጂ አንዱንም አይጎዳም።

ይህ ሁሉ ዛሬ ከቀድሞው የበለጠ አስቸኳይ የሆነበት ምክንያት አለ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023) በሱዳን የተነሣው ጦርነት ሕዝቡን ከቤቱ አፈናቅሎ፣ ገበሬውንም ከማሳውና ከዘሩ ለያይቶታል። ወደ ቤቱ የተመለሰው ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ጣሪያው የተበሳና ግድግዳው የተሰነጠቀ ቤት ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2025) የኮሌራ በሽታ በካርቱም ክፍለ ሀገር፣ በተለይም በኦምዱርማን፣ በብርቱ ተስፋፍቶ ነበር፤ የተበከለ ውኃና የቆመ ጐርፍም የዚህ በሽታ አጋዥ መሆናቸው የታወቀ ነው። በሰላም ጊዜ አንድ ዘር የተበላሸበት ገበሬ ከጎረቤቱ ተበድሮ ሁለተኛ ይዘራ ነበር። ዛሬ ግን አበዳሪውና ተበዳሪው እኩል ናቸው። በእጁ ያለው ዘር አንድ ቁና ብቻ የሆነ ሰው በነጐድጓድ ድምፅ ዕጣ ሊጣልበት አይገባም።

ስለ ወራቱ ጠቅላላ ትንበያም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ኢጋድ በአየር ጠባይ ማእከሉ አማካይነት ከ1990 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1998) ጀምሮ የአካባቢውን አገሮች ጠበብት እየሰበሰበ የወራቱን ትንበያ ያወጣል፤ የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩትም ለአገሩ ይህንኑ ያደርጋል። እነዚህ ትንበያዎች የሚናገሩት ዝናሙ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ ወይም ከመደበኛ በታች የመሆኑን ዕድል ነው። ለምሳሌ ከመደበኛ በላይ የመሆኑ ዕድል ከመቶ 45 ነው ቢባል፣ ከመቶ 55 ደግሞ እንዲያ አይሆንም ማለት ነው። ይህ ሳይብራራለት «ዘንድሮ ዝናሙ ብዙ ነው» ተብሎ የተነገረው ገበሬ ያለውን ሁሉ ይዘራል፤ ባይሆንለት ግን በሚቀጥለው ዓመት ማንንም አያምንም። ደግሞም የዓመቱ ድምር 120 ሚሊ ሜትር በሆነበት አገር ከመደበኛ በላይ ለመሆን ሁለት ብርቱ ሌሊቶች ይበቃሉ። ድምሩ በዝቶ በመካከሉ 20 ቀን ቢደርቅ ማሽላው ከድምሩ ምን ይጠቀማል? በ2007 ዓ.ም. ክረምት (እ.ኤ.አ. 2015) የፓሲፊክ ውቅያኖስ ሙቀት መጨመር፣ ኤል ኒኞ የተባለው፣ የኢትዮጵያን ዝናም አዛብቶ ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ለእህል ርዳታ በዳረገ ጊዜ እንደታየው፣ ትንበያ ዋጋ የሚኖረው በጊዜ ወደ ሥራ ሲለወጥ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን። መጀመሪያ፣ ማስታወቂያው «ነጐድጓድና ቅዝቃዜ ይጠበቃል» በማለት ብቻ አይወሰን፤ የሚጠበቀውን ዝናም በሚሊ ሜትር፣ ቦታውን በሰፈር ወይም በወረዳ ስም፣ የሚቀጥሉትንም 10 ቀናት ሁኔታ ይጨምር። ሁለተኛ፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየመስጊዱና በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አንድ የዝናም መለኪያ ይቀመጥ። ውድ መሣሪያ ቢጠፋ አፉና ታቹ እኩል የሆነ ጣሳ ከዛፍና ከግድግዳ ርቆ ተተክሎ፣ በየማለዳው በማስመሪያ ቢለካ ይበቃል። ቍጥሩን አንድ ተማሪ በደብተር ይጻፈው፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ያ ደብተር ለሰፈሩ ገበሬ ትልቅ ሀብት ይሆናል። ሦስተኛ፣ እ.ኤ.አ. ከ1940 ጀምሮ የሚታወቀው የኦምዱርማን ራዲዮም ሆነ ሌሎች ማሰራጫዎች ማስታወቂያውን ገበሬው ከሥራ በሚመለስበት ምሽት፣ ገበሬው በሚናገረው ቋንቋ ያሰሙ። አራተኛ፣ ኾሮቹ ከሰኔ በፊት ይጠረጉ፤ የጭቃ ቤቶችም ጣሪያና ግድግዳ ነጐድጓዱ ሳይሰማ ይለሰኑ። አምስተኛ፣ ርዳታ ሰጪዎች የዘር እህል ሲያድሉ በአንድ ጊዜ አይስጡ፤ ከፊሉን ለሁለተኛ ዘር በመጠባበቂያ ያኑሩ።

ይህ ምክር ለኦምዱርማን ብቻ የሚበጅ አይደለም። ከገዳሪፍ እስከ መተማና እስከ ሑመራ ድረስ ማሽላና ሰሊጥ የሚዘራው ገበሬ ዝናሙ ቢበዛለትም ጥያቄው ያው ነው። በኦምዱርማን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም የደጋውን የሰኔ ዝናም ልማድ በዚያ ሜዳ ላይ እንዳይጠብቁ፣ ለቤታቸውና ለንግዳቸው ሲሉ የአገሩን ጠባይ ቢማሩ ይጠቀማሉ።

«ሰማይ አይታረስ» የሚለው የአባቶች ቃል እውነት ነው። ዝናሙን ማዘዝ ከሰው ኀይል በላይ ነው፤ የወረደውን ለክቶ መጻፍና የሚወርደውን ገምቶ በጊዜ መንገር ግን የሰው ሥራ ነው። ገበሬው ዘሩን ከመበተኑ በፊት ማሳውን ወግቶ እርጥበቱን ይመልከት። ማስታወቂያ አውጪውም ከመናገሩ በፊት ቃሉን የሚሰማው ሰው በእጁ የያዘው ዘር የዓመት ቀለቡ መሆኑን ያስብ።